ያየው፣ የሰማው፣ የገመተው፦ ግለ ታሪክን በቡድን ለማስተማር

"በቡድን ሥሩ" ሲባል ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ግማሹ ደስ ይለዋል፤ ሊያወራ ነው። ግማሹ ይከፋዋል፤ ሥራው እሱ ላይ ሊወድቅ ነው። አንድ ለአምስት ከሚባለው የቡድን አደረጃጀት የወረስነው ልማድ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስም ያስጽፋሉ፣ ማርኩ ለሁሉም እኩል ይታደላል።

እኔ ፒያሳና አራት ኪሎ መካከል ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ግለ ታሪክ ላይ ስደርስ ለዓመታት የማደርገው ይህን ነበር፦ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ባሕርያቱን እዘረዝራለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ፈተና ላይ ትርጉሙን አሳምረው ይመልሳሉ። አንድ ገጽ ግለ ታሪክ ግን አንብበው አያውቁም።

ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። ለቡድን ሥራ እንደ ግለ ታሪክ የሚመች ጽሑፍ የለም። ግለ ታሪክ ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ስድስት ልጆች ተሰብስበው አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ከሰጣችኋቸው አምስቱ ትርፍ ናቸው። እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይዞ ከመጣ ግን የሚተርፍ የለም። ከታች ያለው አሠራር በዚህ ላይ የቆመ ነው። ባለ 40 ደቂቃ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። የእኔ ክፍል 58 ልጆች አሉት፤ የእናንተ ቢያንስ ደግሞ እሰየው።

ሦስት ገጽ ምረጡ

ሙሉ መጽሐፍ አንብባችሁ ኑ ማለት ቀላል ነው። መጽሐፉ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ከቴሌግራም ፒዲኤፍ ያወርዳል፣ የቀረው ማጠቃለያ ከጓደኛው ይለምናል። ስለዚህ ሦስት ገጽ፣ ቢበዛ አራት።

አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር የሚተርክ ክፍል ፈልጉ። "ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ ተሾምኩ" የሚለውን ዝለሉት። ተራኪው ልጅ ወይም ወጣት የነበረበት ከሆነ በጣም ጥሩ።

እኔ የምጠቀመው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን "ኦቶባዮግራፊ" ነው። ልጆቹ ስማቸውን የሚያውቁት "ፋቡላ" በሚለው ቴአትራቸው ነው። ትንሽ ታሪክ የሚወድ ደግሞ ጣሊያን ሊወረን ሲል በመንግሥታቱ ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል እንደነበሩ ይነግራችኋል። እኔ የምፈልጋቸው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። አድዋ ሲዘመት 12 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጅ ነበሩ፤ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ሄደዋል። ወደ ሩሲያ ለትምህርት የተሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ትዝታቸውን የጻፉት አሥርተ ዓመታት አልፈው ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው ደግሞ እሳቸው ካረፉ በኋላ። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰው አለ፤ የሚያየው ልጅና የሚጽፈው ትልቅ ሰው። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ከሌለ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን ወይም አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት በየአምስት መስመሩ ዳር ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን "ቲቸር፣ እዚህ ጋ፣ ከላይ፣ አይ ከዚያ በታች..." ከሚለው ጭቅጭቅ ትገላግላችኋለች። "መስመር 15" ብሎ ነገሩ ያልቃል።

ቅጂው ለሁለት ለሦስት ልጅ አንድ ይበቃል፤ ለእኔ ክፍል 20 ነው። ለስድስት አንድ ወረቀት ከሆነ ግን ሁለቱ ያነባሉ፣ አራቱ ጣሪያ ያያሉ።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ጽሑፉን ደብቁት

ፎቶ ኮፒውን ቦርሳችሁ ውስጥ ተዉት። ሁሉም ልጅ ብጣሽ ወረቀት ያውጣ። ሁሉም የሚያውቀው፣ በቅርብ የሆነ አንድ ነገር ጥሩና በአሥር ደቂቃ አምስት ዓረፍተ ነገር አስጽፉ። መነጋገር የለም፤ ልክ እንደ ፈተና።

ባለፈው ዓመት የሰጠኋቸው አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሆነውን ነው። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ በመዝሙር መሀል ጸጥ አለና ልጆቹ ያለ ሙዚቃ ጨረሱት። ከጻፉ በኋላ በየቡድናቸው በየተራ ጮክ ብለው አነበቡ። አንዱ ማይኩ የጠፋው ገና ሲጀመር ነው ይላል። ሌላው መጨረሻ ላይ ነው ይላል። አንዱ ዳይሬክተሩ ተቆጡ ብሎ ጽፏል፤ አጠገቡ የነበረችው ደግሞ "ኧረ ሲስቁ ነበር" አለች። አንዲት ልጅ የምታስታውሰው ጫማዋ ውሃ ማስገባቱን ብቻ ነው።

በጣም የተዋጣለት፣ ከነዝርዝሩ፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር ሳይቀር የጻፈው ልጅ ከመጨረሻው ዴስክ ነበር። ወረቀቱን ሲያነብ ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠው። ከዚያ አንዷ፣ "አንተ አርፍደህ በር ተዘግቶብህ አልነበረ እንዴ?" አለችው። ነበር። ውጭ ነው የቆመው። የጻፈውን ሁሉ ጓደኞቹ በእረፍት ሲያወሩ ሰምቶ ነው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዋሸ አላልኩም፤ እናንተም እንዳትሉ። "ታዲያ ያየና የሰማ ሰው ጽሑፉ ላይ በምን ይለያል?" ብላችሁ ጠይቁና መልስ ሳትሰጡ ክፍለ ጊዜውን ዝጉ። ወረቀቶቹን ሰብስቡ፤ ኋላ ያስፈልጋሉ።

ስለ አርእስቱ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀላል ነገር ይሁን። የሚያስቅ ቢሆን ይመረጣል። ሰው የተጎዳበትን፣ ልጆቹን ጎራ የሚያስለይ ነገር በመጀመሪያው ቀን አትንኩ።

ዴስኩና ሥራው

ቡድን ለመሥራት ክፍሉን ማተራመስ የለባችሁም። የእኛ ዴስክ ሦስት ልጅ ያስቀምጣል። ፊተኛው ዴስክ ላይ ያሉት ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ሦስትና ሦስት ስድስት። 58 ልጅ አሥር ቡድን ይወጣዋል፤ ስምንቱ ባለ ስድስት፣ ሁለቱ ባለ አምስት። ወንበር አይጎተት፣ የጎረቤት ክፍል አስተማሪም በር አያንኳኳ።

ዋናው ነገር ሥራው ነው። "ተወያዩ" ብላችሁ አትተዉ። ለእያንዳንዱ ስም ያለው ሥራ ስጡት፦

አንባቢው ጮክ ብሎ ያነባል። ባለ ቀለሙ እስክሪብቶ ይዞ ያሰምራል። ባለ ካርታው ቦታና ጊዜ ይመዘግባል፤ የት፣ መቼ፣ ከየት ወደ የት። ጸሐፊው ቡድኑ ያልተስማማበትን ብቻ ይጽፋል፤ የተስማሙበትን መጻፍ ክልክል ነው። ተናጋሪው መጨረሻ ላይ ለክፍሉ ያቀርባል። ባለ አምስት ቡድን ውስጥ ጸሐፊውና ተናጋሪው አንድ ሰው ይሁን።

ስድስተኛው ተጠራጣሪው ነው። የእኔ የምወደው እሱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ በየአንቀጹ ይደጋግመዋል፦ "ይህን እንዴት አወቁ?" የ12 ዓመት ልጅ መኳንንቱ ድንኳን ውስጥ የተነጋገሩትን እንዴት ያውቃል? የጠላትን ቁጥር ማን ነገረው? ይህን ሥራ ለጎበዙ ተማሪ አትስጡ። ከኋላ ተቀምጦ አስተማሪ ላይ ነገር ለሚፈልገው ልጅ ስጡት። ዕድሜውን ሙሉ ሲለማመድበት የኖረ ሙያ ነው።

በየክፍለ ጊዜው ሥራው ይዙር። ማን ምን እንደሆነ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉት፤ አለበለዚያ ሁሌም አንባቢ የሚሆነው ያው አንድ ልጅ ነው።

ሁለተኛና ሦስተኛ፦ ሦስቱ ቀለሞች

ሰሌዳው ላይ ሁለት አርእስት ጻፉ። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፍ "ካየሁት ከማስታውሰው" ይባላል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ደግሞ የዘመን ታሪክ ትዝታቸውን "ካየሁትና ከሰማሁት" ብለውታል። ልጆቹን ልዩነቱ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ማስታወስን፣ አንዱ መስማትን አርእስቱ ላይ አምጥቶታል። የድሮ ሰዎች ጠንቃቆች ነበሩ፤ ምን እንደሚሸጡ ሽፋኑ ላይ ይናገራሉ።

ከዚያ ቀለሞቹን አድሉ። ሰማያዊ ተራኪው ራሱ ያየው። ጥቁር ከሌላ የሰማው። ቀይ የገመተው፣ የተሰማው ወይም ኋላ ላይ የደረሰበት ሐሳብ። ሦስቱም እስክሪብቶ የትም ሱቅ አለ። አንዱ ልጅ "ቀይ የአስተማሪ ነው" ብሎ ነበር፤ ለዛሬ ተውሰነዋል አልኩት።

ወደ ዋናው ጽሑፍ ከመግባታችሁ በፊት አንድ አጭር ነገር አብራችሁ ሥሩ። እኔ ራሴ የፈጠርኩትን ይህን እጠቀማለሁ፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፦

"በሩ ሲንኳኳ ራት ላይ ነበርን። አባቴ ተነሥቶ ከፈተ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የሰፈራችን ልጅ እንደሆነ እናቴ ኋላ ነገረችኝ። አባቴ ፈርቶ ነበር።"

መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሰማያዊ ናቸው፤ ማንም አይከራከርም። አራተኛው ጥቁር ነው፤ "ነገረችኝ" ይላል። ጠብ የሚነሣው አምስተኛው ላይ ነው። ግማሹ ክፍል ሰማያዊ ነው ይላል፤ "አባቱን አይቶት የለ?" ግማሹ ቀይ ነው ይላል። ይከራከሩ። አምስት ደቂቃ ስጧቸው፤ እናንተ አትግቡ። ከዚያ ፍርሃት በዓይን ይታያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ "ፍርሃቱ አይታይም፣ እጁ ነው የሚታየው" አለች። በሉ የሚታየውን ጻፉት አልኳቸው። ከየቡድኑ የመጣው ሲሰበሰብ፣ ከሁሉ የወደድነው ይህ ነበር፦ "አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ ቆመ።" ይኸው፣ ሰማያዊ ሆነ። ፍርሃት የሚለው ቃል ወጣ፤ ፍርሃቱ ግን ባሰ።

እዚህ ላይ ያጠፋችሁት ጊዜ ኪሳራ አይደለም። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ገጾች በራሳቸው ይሄዳሉ። አንባቢው አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ተጠራጣሪው ይጠይቃል፣ ቡድኑ ይወስናል፣ ባለ ቀለሙ ያሰምራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀለም ቢይዝ ችግር የለውም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ አሥሩም ተናጋሪዎች አንድ አንድ መስመር ያቀርባሉ፤ ያውም ያልተስማሙበትን። "ቡድናችን በጣም ጥሩ ውይይት አድርጓል" ብሎ የሚጀምረውን አስቁሙት።

ስታርሙ መልስ መስጫ አይኑራችሁ። እኔም አንዳንዱ መስመር ላይ እስካሁን አልወሰንኩም።

አራተኛ፦ ከክፍል ውጡ

ትምህርት ቤታችሁ መሀል ከተማ ከሆነ ይህን ዕድል አታባክኑት። ለአድዋው ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚሁ ፒያሳ ነው። የመረጣችሁት ጽሑፍ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከሆነ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት አለላችሁ፤ ከአራት ኪሎ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በ1929 ዓ.ም. ቦምቡ ግራዚያኒ ላይ የተወረወረበት ግቢ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ነው፤ ሐውልቱ በር ላይ ቆሞ ይታያል።

የቡድኑ ሥራ አንድ ነው፦ ጽሑፋችሁ ውስጥ ያለ፣ እዚህ ግን የሌለ ሦስት ነገር አምጡ። ሙዚየም የጦር መሪ ያሳያል፣ ጋሻና ጎራዴ ያሳያል። ልጅ ሆኖ የዘመተ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ባለ ካርታው እዚህ ንጉሥ ነው፤ ቡድኑን እሱ ይምራ።

ደብዳቤ ከትምህርት ቤት፣ ፈቃድ ከወላጅ፣ መግቢያውን ቀደም ብሎ መጠየቅ። ይህን የምታውቁት ነው። 58 ልጅ ለአንድ አስተማሪ ብዙ ነው፤ የታሪክ አስተማሪውን ለምኑት፣ ደስ ብሎት ይመጣል። መውጣት ካልተፈቀደ በስልክ የተነሡ ፎቶዎችን ክፍል ውስጥ ዘርግታችሁ ሥሩ፤ ይሄዳል፣ ግን እንደዚያኛው አይሆንም።

አምስተኛ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን ከሰፈሩ አንድ ትልቅ ሰው ያነጋግራል። ሁሉም አይሂድ፤ ስድስት ልጅ ደጃፍ ላይ ሲኮለኮል ባለቤቷ ትደነግጣለች። ሁለት ይበቃሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። የቀሩት አራቱ ጥያቄውን ያዘጋጃሉ፣ ድምፁን ይገለብጣሉ። ስልክ ከመክፈታቸው በፊት "እማማ፣ ልቅዳው?" ብለው ያስፈቅዱ።

ጥያቄው ላይ ነው ሥራው ያለው። የመጀመሪያው ዓመት ልጆቼ "ስለ ድሮ ይንገሩን" ብለው ሄዱ። መልሱም "ድሮማ ጥሩ ነበር" ሆነ። አለቀ። "ስለ ደርግ ይንገሩን" ያሉት ደግሞ ከዜና የማይለይ ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው ቡድን ግን፣ እንዴት እንደመጣላቸው እንጃ፣ "ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ማን ነበር የሚሰለፈው?" ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ኩፖኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ስለመያዝ፣ ድንጋዩን ስለሚያነሣው የጎረቤት ልጅ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ስለ ዘመን አትጠይቁ፣ ስለ አንድ ቀን ጠይቁ። በዕለቱ ምን ለብሰው ነበር? ማን አጠገብዎ ነበር? ምን ይሸት ነበር? ከተቻለ ስለዚያው ቀን ሁለተኛ ሰው ይጠየቅ፤ ሁለቱ ሲለያዩ ነው ሥራው የሚጣፍጠው።

አሁን ጥንቃቄው። በእኛ አካባቢ ቀይ ሽብር ያልነካው ቤት ጥቂት ነው፤ ልጁ የሞተበትም፣ ሌላው ወገን የነበረም ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቹ አስገድደው እንዳይጠይቁ ንገሯቸው። ሰው ዝም ካለ ውሃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ መውጣት። የልጆቹም የራሳቸው ጉዳይ አለ። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ተማሪዎች ቤታቸው ተነሥቷል። አንዳንዶቹ አሁን ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። "ስለ ሰፈርህ ጻፍ" ማለት ለእነሱ ቀላል አይደለም። እኔ ምርጫ እሰጣለሁ፤ ስለ ቤቱ መጻፍ ያልፈለገ ስለ ታክሲው ይጽፋል። አንዷ የጻፈችው ስለ በሩ ቁልፍ ነበር። ቤቱ የለም፣ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ለክፍሉ እንዲነበብ አልፈለገችም፤ አልተነበበም።

ስድስተኛ፦ አብሮ መጻፍ፣ ለየብቻ ማርክ

የመጨረሻው ቀን ቡድኑ አንድ ገጽ ይጽፋል። ተራኪው ያነጋገሩት ሰው ነው፤ "እኔ" እያለ ይተርካል። ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛ፣ ቢያንስ ግማሹ ሰማያዊ ይሁን። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ወይም ምስክሮቹ ያልተስማሙበት አንድ ነገር ሳይታረቅ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ፤ "እህቴ ግን ሌሊት ነበር ትላለች" እንደሚባለው።

ለስድስት እጅ አንድ ወረቀት አይሆንም። ገጹን ቁረጡት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንቀጽ። መጨረሻ ላይ ይሰፋል። ስፌቱ ቢታይም ግድ የለም።

ማርኩን ከአሥር እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ሦስቱ ለመጀመሪያ ቀን የግል ወረቀት፣ አራቱ ለልጁ አንቀጽ፣ ሦስቱ ለቡድኑ ገጽ። የመጀመሪያውን ወረቀት መልሱላቸውና በራሳቸው ጽሑፍ ላይ ሦስቱን ቀለም ያስምሩበት፤ ማርኩ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በተጨማሪ ከየቡድኑ አንድ ስም በዕጣ አወጣለሁና ስለ ማንኛውም መስመር እጠይቀዋለሁ። ካላወቀ የቡድኑ ማርክ አንድ ይቀንሳል። ጨካኝ ነህ ይሉኛል። ግን ከዚያ ወዲህ ስም አስጽፎ የሚጠፋ የለም፤ ጓደኞቹ አይለቁትም።

ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለተናገረው ሰው ይመለስ። ይህን እንዳትዘሉ። የስኳር ወረፋዋን የነገሩን ሴትዮ ልጆቹ ሲያነቡላቸው አቋረጧቸው። "ሁለት ኪሎ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ነው የሚሰጡን የነበረው" አሉ። ልጆቹ ደነገጡ፤ ቀረጻው ላይ በግልጽ "ሁለት" ብለዋል። በነጋታው ስታፍ ድረስ መጥተው የትኛውን እንጻፍ አሉኝ። ሁለቱንም ጻፉ፣ መቼ እንዳሉትም ከነቀኑ አስቀምጡ አልኳቸው።